የባልካርኗ ኤልስፐት

አይላ ባልካርን እርሻ የደረሰችው ዝናብ እየመታት ነው። አያቷ ጄሲ ግላስጎ ሆስፒታል ተኝተዋል። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ከአባታቸው ተጣልተው ከዚሁ እርሻ እንደ ወጡ አልተመለሱም። ታናሽ እህታቸው ኤልስፐት ሞታለች የሚል ደብዳቤ ብቻ ደርሷቸው ነበር። አሁን «የታናሽ እህቴን መቃብር ሳላውቅ አልሞትም» ይላሉ።

እርሻውን የያዙት የኤልስፐት መንትያ ናቸው። በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ።

«አጎቴ ዱጋልድ፣ የጄሲ የልጅ ልጅ ነኝ።»

«ባልካርን በይኝ። እዚህ ገበሬ የሚጠራው በእርሻው ነው። የራሱ ስም የሚያስፈልገው ለውሻ ነው።»

«ኤልስፐት የት ተቀበረች?»

«በጎቼን ልይ» ብለው ወጡ።

አይላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በጥምቀት መዝገቡ ላይ መንትዮቹ ሁለቱም አሉ፤ 1904፣ በአንድ ቀን። በቀብር መዝገቡ ላይ ኤልስፐት የለችም። የመቃብር ስፍራውን ድንጋይ በድንጋይ ዞረች። የለችም።

በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ፣ በ1912 መኸር፣ መምህሩ የጻፈውን አገኘች። «ከትኩሳት ወረርሽኙ በኋላ ከባልካርን ልጆች አንዱ ብቻ ተመለሰ። ኤልስፐት ቀረች። ዱጋልድ ግን ግራ እጁን ትቶ በቀኙ መጻፍ ጀምሯል። አለንጋዬ በመጨረሻ ሠራ።»

ከዚያ የባለርስቱ ጸሐፊ አባትየው ባልካርንን የተከራዩበትን የድሮውን ውል አሳያት። ወንድ ልጅ የሌለው ጭሰኛ የውሉ ዘመን ሲያልቅ መሬቱን ይለቃል።

«ሴት ልጅማ ምን ትጠቅማለች፣ አንድ አፍ ናት» አለ እየሳቀ።

አይላ አልሳቀችም። እየሮጠች ወደ እርሻው ተመለሰች። ባልካርን የአጃ ገንፎ እየበሉ ነበር።

«አባትዎ ኤልስፐትን ምን አደረጓት?»

ማንኪያው ቆመ።

«ጎረቤት አያውቅም?» አለች አይላ።

«ያውቃል። እዚህ ሰው የሚያውቀውን አያወራም።»

«አያቴ እስከ እሑድ አይቆዩም ተብሏል። አጥንቷ የት እንዳለ ይንገሩኝ።»

ባልካርን ተነሡ፤ ተቀመጡ፤ መልሰው ተነሡ።

«ጄሲ ትለየኝ ይሆን?»

«እርስዎን መች ጠየቁ። የጠየቁት ኤልስፐትን ነው።»

ባልካርን የገንፎውን ሳህን ወደ ጎን ገፉት።

«እንግዲያው ከተማ ውረጂ። የድሮው የትኩሳት ሆስፒታል መዝገብ፣ ነሐሴ 1912። አይተሽ ነይ፤ ግላስጎ አብሬሽ እሄዳለሁ። መሬቱንም ባለርስቱ ከፈለገ ይውሰደው።»

ከተማ ስትደርስ መዝገቡን አወጡላት። ጣቷን በስሞቹ ላይ እያወረደች ባልካርን እርሻ የሚለው መስመር ላይ ደረሰች።

«ዱጋልድ ማክራይ፤ ወንድ፤ ዕድሜ ስምንት፤ ሞቷል።»