ንጹሕ ሰፈር

መምህር ወልደ ሰንበት በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ተዛውሮ ሆሳዕና ሲደርስ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት መግሎ ነበር። ሚስቱ አረንጓዴ ጥለት ካለው ነጠላዋ ጨርቅ ቀድዳ አስራለት ነበር። ሐኪሙ «ቆሻሻ ከነካው ጣቱ ይቆረጣል» ስላለው፣ ንጹሕ ሰፈር እስኪያገኝ አልጋ ላለመከራየት ወሰነ።

መጀመሪያ ገበያው ጥግ ካለ ሆቴል ገባ። ባለቤቱ ለእንግዳ እንደሚደረገው የእግር ውሃ በሳፋ አቀረበለት። ውሃው ላይ የተላጠ ቆዳና የረጋ ስብ የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል፤ ከሥሩም እድፋም ጨርቅ አለ።

«ሰው የታጠበበትን ነው የምትሰጠኝ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ አሁን ነው የቀዳሁት!»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሰፈር ወጣ። እዚያ ባገኘው ማረፊያ ቤት በቀረበለት ሳፋ ውስጥም ያው መግል የጠጣ ጨርቅ ነበር። ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ምራቁን እየተፋ ወጣ።

ሚሲዮኑ አጠገብ ጣቢታ የምትባል ሴት የምታከራየው ቤት ግን ወለሉ ሳይቀር ታጥቧል። ሳፋው ባዶ ነው። ውሃውን ራሱ ከእንስራው ቀዳ፤ ጥርት ያለ ነው።

«ተመስገን! እዚሁ አርፋለሁ» አለ።

ጣቢታ ሳቀች። «ጋሼ፣ እንደገና መጡ? በቀን ስንቴ ነው የሚታጠቡት? ቆዳዎ አለቀ እኮ!»

«ዛሬ ገና አልታጠብኩም።»

የቀኝ ጫማውን ፈታ። ካልሲው ደረቅ ነበር። አወለቀው። ጨርቁ የለም። እግሩ ውሃ ውስጥ ብዙ እንደቆየ ነጥቶ ተጨማዷል።

ጣቶቹን ቆጠረ። አራት ናቸው።