የቄስ ልጅ

ሽማግሌው ከሥዕሉ ፊት አልንቀሳቀስ ብለዋል። ሌሎቹ እንግዶች አየት እያደረጉ አልፈዋል። እሳቸው ግን ሐበሻ ናቸው፤ ሳጃና ሠፈር ያረጁ፣ አቶ ወልደሥላሴ የሚባሉ። የጠራቻቸው ሱዳናዊቷ ባለሱቅ ሲት ረሺዳ ናት፣ ለሠዓሊዋ «ያገርሽ ሰው ይመስክርልሽ» ብላ።

አብራር ጥግ ይዛ አንገቷ ላይ ያሰረችውን መስቀል ትነካካለች። ሪያድ ሠፈር ባለው በዚህ የሥዕል መሸጫ አብራር ብሎ የሚጠራት የለም። እፀገነት ናት፤ ከአባቷ ደብር ሥዕል የተማረች የቄስ ልጅ። ጣኢፍ ሠፈር ሰው ቤት ስትሠራ ከስልክ ላይ እያየች እጇን ያፍታታች የወሎ ሙስሊም መሆኗን ብትናገር ማን ይገዛታል? አሁን ቢታወቅ ደግሞ ሲት ረሺዳ ፖሊስ ትጠራለች። አብራር የመኖሪያ ወረቀት፣ ኢቃማ የላትም።

«እስቲ ነይ ልጄ» ይላሉ ሽማግሌው በአማርኛ።

ትጠጋለች።

«ጊዮርጊስ ምን በደለሽ?»

«ምነው አባባ?»

«ባንድ ዓይኑ ሣልሽዋ። በእኛ ሥዕል እንዲህ ጎኑን ሰጥቶ የሚቆመው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይሽ። ይሄን የቄስ ልጅ ቀርቶ የቄስ ፍየል አትስተውም።»

ፊቱን ወደ ጎን ያዞረችው ያማረበት መስሏት ነው።

«ክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

እፀገነት የሚለውን ስትመርጥ ከዚያ ኋላ ሌላ ስም እንደሚጠየቅ አላሰበችም።

«ይሸሽጉኝ፣ አባባ» ትላለች፣ ከንፈሯ ሳይላወስ።

ሲት ረሺዳ እንግዶቿን አስከትላ እየመጣች ነው። «እህሳ ያ ዓሚ፣ ሥዕሉ ትክክለኛ ነው?» ትላለች በዐረብኛ።

ሽማግሌው የአብራርን እጅ ያያሉ። መስቀሉን ጨብጦታል። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ትክክለኛ ነው» ይላሉ እሳቸውም በዐረብኛ። «አባቷን አውቃቸዋለሁ። ደግ ቄስ ናቸው።»

«ማሻ አላህ። በል ደውልላቸዋ፤ እንግዶቼ ድምፃቸውን ይስሙ።» ስልኳን አውጥታ ትሰጣቸዋለች።

ሽማግሌው ስልኩን አይቀበሉም። ዓይናቸው አንዴ ወደ በሩ ሄዶ ይመለሳል።

«ዐርፈዋል» ይላሉ በመጨረሻ። «በቅርቡ ነው።»

የአብራር አባት ግን በሕይወት ወሎ፣ ሐይቅ ናቸው፤ ይሄኔ ማሽላቸውን ከወፍ እየጠበቁ ይሆናል።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?» ሲት ረሺዳ ታቅፋታለች። ከዚያም ሟቹ ቄስ መሆናቸውን ዘንግታ፣ ለቅሶ ቤት ሁሉ እንደምታደርገው ሁለት መዳፏን ትዘረጋለች። «አል-ፋቲሓ።»

እንግዶቹም መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። የቁርኣኑን መክፈቻ ምዕራፍ ድምፅ ሳያሰሙ ይቀራሉ። ከጣሪያው ማራገቢያ በቀር የሚሰማ የለም።

አብራር ዓይኗን ትጨፍናለች። አባቷ በቁማቸው የተወራባቸው ሞት እንዳይደርስባቸው ትፈራለች። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው ትላለች በልቧ፤ ይማረኝ ትላለች።

ስትገልጥ አቶ ወልደሥላሴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው «ተይ» በሚል ራሳቸውን በቀስታ ይነቀንቃሉ። የሚያዩት ደረቷን ነው። እሷም ዝቅ ብላ ታያለች።

ከመስቀሉ ሥር ሁለት መዳፎቿ ተዘርግተዋል። ከንፈሯ ምዕራፉን ሊጨርስ ትንሽ ቀርቶታል።

ሲት ረሺዳ ንባቧን አቁማ የአብራርን ከንፈር ታያለች።