ከምድጃው በላይ

ፕላስቲክ እንደ ብርጭቆ ወዲያው አይሰበርም። ሸክሙ ቀንና ሌሊት ሳይነሳለት ሲቀር ቀስ በቀስ ይለጠጣል፣ ይጎብጣል፤ ሙቀት ካገኘው ደግሞ ይብስበታል። አንድ ቀን ማንም ሳይነካው ይለቃል። በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ የመደርደሪያ ድጋፍ የምትነድፈው ሴት ይህን ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ለገበያ የሚወጣውን ማዕዘኑን ታወፍረዋለች፣ ከሥሩም እንደ ጎድን አጥንት ያለ ማጠንከሪያ ታደርግለታለች።

ለቤቷ ያሠራችው ግን ስስና ጎድን የለሽ ነበር።

ራሷ ከምድጃው በላይ ገጠመችው፤ ሁለት የብረት ድስቶችም ጫነችበት። ከሥሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ የምትውለው አማቷ ናት።

አማቲቱ ምላሷ ምላጭ ነው። በጎረቤት ፊት ሳይቀር ምራቷን «ፕላስቲኳ» ትላታለች። እሱንስ ችላው ነበር። ያልቻለችው የልጇን ነገር ነው። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ አያቱን «እማ» ይላል፤ እናቱ ከሥራ ገብታ ስታነሳው ያለቅሳል። የሚተኛውም አያቱ ያንን ግንድ የሚያህል አሮጌ ሬዲዮዋን ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ አድርጋ ስትከፍትለት ብቻ ነው፤ ያኔም ሽቦውን እየጎተተ ያስቸግራል። ነገሩን ለባሏ ስታነሳበት፣ እናቴን አትንኪብኝ ብሎ ፊቱን ያዞራል።

የሚገርመው፣ አማቷ መደርደሪያውን ወደደችው።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አለች ድጋፉን እየዳበሰች። «እኔ እኮ ወረቀት ላይ መሞነጫጨር ብቻ የምታውቂ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጠንካራ ነገር ለድስት ይባክናል?»

«እዚያው ይሁን፣ እማማ። እጅዎ እንዲደርስበት ብዬ ነው።»

«ተባረኪ፣ ልጄ።»

ልጄ ስትላት የመጀመሪያዋ ነበር። አንጀቷን በላችው፤ ማታ ስገባ ላውርደው አለች በልቧ። ማታ ግን ልጁን ልታቅፈው ስትል ወደ አያቱ ጉያ ሸሸ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሻይ ስታፈላ ቀና ብላ ማዕዘኑን ታያለች። መጀመሪያ ትንሽ ዘመመ። ቆይቶ ነጭ ሰንበር አወጣ። ዛሬ ሰንበሩ ሰፍቷል። ልጁ አያቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነበር፤ ሳትስመው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ከቤት ነው። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ የደነገጠ ሰው ድምፅ ስትለማመድ ሰንብታለች። አነሳችው።

«ልጄ፣» አለች አማቷ ሲቃ እየተናነቃት፣ «ሬዲዮው ከልጁ እጅ ይራቅ ብዬ ያንን ያንቺን መደርደሪያ ጠዋት እንደወጣሽ ከአልጋው ራስጌ አሰቅዬው ነበር።»