«አለሁ» የሚለው ጥሪ

ባለሱቁ ሸምሰዲን የስልኬን ሆድ ይከፍታል፤ ሲሙን አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፤ መልሶ ይከታል። ደግሞ ይከፍታል።

«ዶሮ ነው እንዴ የምትገነጥለው?» እለዋለሁ። «ይልቅ ለምን ዝም እንዳለ ንገረኝ።»

«ተዘግቷል፣ እማማ ዐፊፋ።»

«ማን ዘጋው? እኔ አልዘጋሁትም።»

«ካርድ ከሞሉበት ቆይተዋል። መስመር ካልተሞላበት፣ ካልተወራበት ይሞታል።»

«በየማለዳው የምደውልበትስ?»

«ደውለው ሳይነሳ ይዘጉታላ። ሚስኮል አይቆጠርም።»

አይቆጠርም ይለኛል፣ ጺሙ ሸብቶ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ። እኔ ከሱ ሌላ ምን የሚቆጠር ነገር አለኝ?

እኔና ትብለጽ እሪ በከንቱ ውስጥ አንድ ግድግዳ ለሁለት ተካፍለን ነው ያረጀነው። እሷ ስትስል እኔ ውሃ እጠጣ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ለሷ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፣ አራተኛ ፎቅ፤ እኔ አምስት ኪሎ የእህቴ ልጅ ጓሮ ገባሁ። የልጇን የሃፍቶምን ሞት በጦርነቱ ጊዜ ያረዷት በስልክ ነው፤ የማታውቀው ሰው፣ በማታውቀው ቁጥር። ከዚያ ወዲህ ስልክ አንስታ ሰው አናግራ አታውቅም። ስለዚህ ስንለያይ ተማማልን፦ እኔ ሱብሒ ሰግጄ አንዴ አስጩሄ ልዘጋ፣ እሷ ከኪዳን ስትመለስ አንዴ አስጩሃ ልትዘጋ። አለሁ። እኔም አለሁ። ማናችንም አናነሳም። ከተነሳ ሞት አለ ማለት ነው።

ዛሬ የኔ አልጮኸላትም። የሷም አልመጣልኝም።

«አሁን ስትደውልልኝ ምን ትሰማለች?»

«ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም የምትል ሴት።»

«ሞታለች እያለቻት ነዋ!»

«መታወቂያ ይዘው ቢሄዱ ምናልባት ይመልሱልዎት ይሆናል። ከቆየ ግን ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

«ሳልቀበር ልወረስ ነው?»

ሊስቅ ይልና ፊቴን አይቶ ይተወዋል።

«በራስህ ስልክ ደውልላት» እለዋለሁ። ቁጥሩን ለመፈለግ አይቸገርም፤ ስልኬ ውስጥ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው።

«እርስዎ ራስዎ አያናግሯትም?»

«ሞታለች የተባለችን ሰው ድምፅ ድንገት ብትሰማ ልቧ ቀጥ ይላል። አንተ ቅደም። ቀስ ብለህ፣ አረጋግተህ ንገራት። ድምፁን ክፈተው እኔም ልስማ።»

ይጠራል። አታነሳም፣ አውቃታለሁ። ይጠራል። ተማምለናል እኮ። ይጠራል።

ታነሳለች።

ትንፋሽ ብቻ። ደረጃ የወጣ ሰው ትንፋሽ።

«እማማ ትብለጽ፣ እንዴት አደሩ?» ይላል ሸምሰዲን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳዘዝኩት። «አይደንግጡ። የደወልኩት ስለ እማማ ዐፊፋ…»

ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ። ገና ጎህ ሳይቀድ በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች አነጋገር ነው። የሃፍቶምን ሞት ያረዳት ሰውም «አይደንግጡ» ብሎ ነው የጀመረው፤ ራሷ ነግራኛለች። ስልኩን ልነጥቀው እጄን እሰዳለሁ።

«ወይለይ ሓፍተይ!» ትላለች በትግርኛዋ፤ ወይኔ እህቴ ማለቷ ነው።

ስልኳ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ይሰማኛል።

«አለሁ! ትብለጽ! አለሁ፣ አንቺ ደንቆሮ!»

ጩኸቴ ጊዮርጊስ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም፤ እሷ ጋ አይደርስም። ደረቷን ስትመታ ይሰማኛል። «ምላሷ እሬት፣ ልቧ ማር» እያለች ሙሾ ታወርዳለች። በቁሜ አንድ ቀን እንኳ ማር ብላኝ አታውቅም፣ እሬቱን ነው የምትነግረኝ። እሷ ጋ በር ይከፈታል። ሴቶች ይገባሉ። «ማን ናት? ማን ናት የሞተችው?» ይላሉ፤ ስሜን ትነግራቸዋለች፤ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች። አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች ያለቅሱልኛል።

ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል።

ሸምሰዲን ደጋግሞ ይሞክራል። ዝግ ነው።

«ጽሑፍ ልላክላት?»

«ማን ሊያነብላት? ፊደል የቆጠረው ሃፍቶም ነበር።»

«እንግዲያው እንሂድ፣ ሱቁን እዘጋለሁ። ብሎኩን ይንገሩኝ።»

ብሎኩን አላውቀውም። ኮንዶሚኒየሙ እንደሁ አገር ነው። «ስትመጪ አንዴ አስጩሂልኝ፣ ወርጄ ከመንገድ እቀበልሻለሁ» ነበር ያለችኝ። ጉልበቴ ይሻለኝ እያልኩ አንድ ቀን ሳልሄድ ቀረሁ።

ትብለጽ ለቅሶ ቀርታ አታውቅም። ያን ሁሉ ደረጃ እያለቀሰች ወርዳም ቢሆን ትመጣለች። ግን የት? የእህቴን ልጅ ቤት አታውቀውም። የምታውቀው የድሮ በራችንን ነው። በራችን ከሸምሰዲን ሱቅ ፊት ለፊት ነበር፤ አሁን ረጅም የቆርቆሮ አጥር ነው፣ የሚያማምሩ ፎቆች የተሳሉበት።

እዚያ ልጠብቃት መንገዱን እሻገራለሁ። ሸምሰዲን ሳልጠይቀው በርጩማ ይዞ ይከተለኛል፤ አጥሩ ሥር ያኖርልኛል። ተመልሶ ሁለተኛ ያመጣና ከጎኔ ያስቀምጣል፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው።

ታክሲ ይቆማል። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አሮጊት ትወርዳለች። እነሳለሁ። ትብለጽ አይደለችም፤ አጥሩን ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ታልፈኛለች።

እቀመጣለሁ። ሌላ ታክሲ ይቆማል።