በአንድ ቀዳዳ ሦስት ሃርድ ዲስክ

ምስሉ እንደገና ቆመ። በረኛው አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ኳሷ የለችም፣ ስክሪኑ መሃል ያቺ የተረገመች ክብ ትሽከረከራለች።

«ይሄ ነገር ዛሬ ያልቃል?» አለ አሰልጣኙ። ተጫዋቾቹ በተሰበሰቡበት መልበሻ ክፍል፣ ተቀያሪውን በረኛ አስነስቶ ሰውነቱን እንዲያሟሙቅ አዞታል።

የቡድኑ ቪዲዮ አንሺ ቁልፉን ደጋግማ ተጫነች። ከእረፍት በፊት ሁለት ቅጣት ምት የገባበት በረኛ ታናሽ ወንድሟ ነው። አሁን ከወጣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተጠባባቂ ወንበር እንደሚያሞቅ ሁለቱም ያውቃሉ። «ተከልሎበት ነው፣ ኳሷን አላያትም፣ አሳያችኋለሁ» ብላ አፏን ሞልታ ተናግራለች። ያላት ሦስት ካሜራ፣ ሦስት ሃርድ ዲስክ ነው፤ ሦስቱ ምስሎች ጎን ለጎን አብረው ካልሄዱ ማን የት እንደቆመ አይለይም።

«እታለም፣ በቃ ተዪው» አለ ወንድሟ ጫማውን እያየ።

«አንተ ዝም በል።»

ጎንበስ ብላ ገመዶቹን በጣቷ ተከተለች። ሦስቱም ሃርድ ዲስኮች በአንዲት ርካሽ የዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል አንድ ቀዳዳ ላይ ተሰክተው፣ አውቶቡስ በር ላይ እንዳለ ሰው ይጋፋሉ። ላፕቶፑ ሌላ ቀዳዳ የለውም እንዳይባል፣ ሁለት ጤነኛ ቀዳዳ አለው። ሁለቱም ላይ ስልክ ቻርጅ እየተደረገ ነው።

«የማን ስልክ ነው ይሄ?»

«አንዱ የኔ ነው» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። ሁለቱንም ስትነቅል ሌላውን አሰልጣኙ ከእጇ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

ማከፋፈያዋን ነቅላ ወረወረቻት፤ ለሦስቱም የየራሳቸውን ቀዳዳ ሰጠቻቸው። ዳኛው ለሁለተኛው አጋማሽ በሩን አንኳኳ። የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫነች፤ ሦስቱ ምስሎች እኩል ተነሥተው እንደ ውኃ ፈሰሱ። ደስታዋ ሊያስጮኻት ደረሰ።

ከዚያ ክው አለች። ወንድሟን የከለለው ማንም የለም። በሁለቱም ጎል ኳሷ ገና ሳትመታ ነው ወደ ግራው የወደቀው። ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፉ።

«መልሺው» አለ ወንድሟ። አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። «መቺውን እዩት፣ ዓይኑን። ወደ ግራዬ ያያል፣ ወደ ቀኜ ይመታል። ሁለተኛውን አሳዪኝ እስቲ። ያው ነው። እኔ ሞኙ ዓይኑን አምኜ ነው የምወድቀው።» ይስቃል፤ ሁለት ጎል የገባበት ሰው ይስቃል። እህቱም ሳታስበው ሳቀች።

አሰልጣኙ ተቀያሪውን በእጁ ተቀመጥ አለው።

«ግራ ካየስ?»

«ቀኝ።»

«ቀኝ ካየ?»

«ግራ።»

«ዓይኑን ቢጨፍንስ?»

በረኛው በሩን በርግዶ ወደ ሜዳው እየሮጠ ነው።