የአቶ ደጉ ፎቶ

ሰኞ ገበያ፣ ይስማው ፎቶ ቤት ያለው ኮምፒውተር ማንም ሳይጠይቀው ፕሮግራሙን አድሶ፣ ምልክቶቹን አዘዋውሮ አደረ። ይስማው ያቺን የለመዳትን የማተሚያ ምልክት ከየት ያምጣት! እትዬ ሰርካዲስ ለነገው ተዝካር የባለቤታቸውን የአቶ ደጉን ፎቶ ሊወስዱ ቁጭ ብለዋል። አቶ ደጉም ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ከስክሪኑ ላይ ያዩታል።

«ጠፋብህ እንዴ፣ ልጄ?»

«አሁን ይወጣል፣ እትዬ» አለ። በኖረበት ሙያ ላብ አጠመቀው።

«ከላይ በግራ በኩል ናት፤ አይዞህ» አለው የሽማግሌ ድምፅ።

ነካት። ማተሚያው አጉረመረመ። ይስማው ከሐፍረቱ ቀና ሳይል «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ» አለ።

«ማንን ነው? ሁለታችን ብቻ አይደለን?» አሉ እትዬ ሰርካዲስ።

ወረቀቱ ወጣ። አቶ ደጉ ወሬ እንደያዘ ሰው አፋቸውን ከፈት አድርገዋል።