ኮምፒውተሩ ያልቆጠረው

አይጧ የፊት እግሮቿን አንስታ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ጆሮዋ ጋ ሳትደርስ ደርቃ ቀረች፤ ደግሞ ከአፍንጫዋ ጀመረች። ባልደረቦቿ «ዐይናማዋ» የሚሏት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ቪዲዮውን አቁማ ወረቀቷ ላይ አንድ ጭረት ጨመረች። ሃምሳ ሦስተኛው ነበር።

የምርምሩ ኃላፊ ዶክተሩ ሪፖርታቸውን ይዘው ገቡ። ሪፖርቱ የምሥራች ነበር፤ ፀጉራቸው ተመልጦ ቆዳቸው እስኪቆስል ራሳቸውን የሚልሱት አይጦች አዲሱን መድኃኒት ከወሰዱ ወዲህ መላሳቸውን በግማሽ ቀንሰዋል ይላል። የቆጠረው ኮምፒውተሩ ነው። የቀረው በዐይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ የሚለው የእሷ ፊርማ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ በሰው ላይ ይሞከራል።

አልፈርምም አለች። ኮምፒውተሩ ከሦስት ሰከንድ ያነሰውን መላስ አይቆጥርም፤ አይጦቹ ደግሞ መላሳቸውን አልተዉም፣ እየጀመሩ ያቋርጡታል እንጂ። ጤነኛ አይጥ ከአፍንጫዋ ተነስታ፣ ፊቷን አብሳ፣ ሆዷን ልሳ፣ ጅራቷ ላይ ትጨርስና እፎይ ብላ ትተኛለች። እነዚህ አንድ ቀን እንኳ ጅራታቸው ጋ ደርሰው አያውቁም።

ዶክተሩ በትዕግሥት ሰሟት። ከዚያም ፕሮግራሙን የሠሩት አንቱ የተባሉ ባለሙያዎች መሆናቸውን፣ እሷ ግን ከዘጠኝ ዓመት በፊት የአይጥ ሳጥን ልታጥብ የተቀጠረች መሆኗን አስታወሷት። እውነት ነው። አላፈረችበትም፤ አይጥ ማየት የተማረችው ሳጥን እያጠበች ነው።

ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ወንድምሽ እንዴት ነው?»

ታናሽ ወንድሟ ጣቶቹ ተሰነጣጥቀው እስኪደሙ እጁን ይታጠባል። እናታቸው ሳሙና ብትደብቅ፣ ውኃ ብትዘጋ አልሆነም። ይህን ለዶክተሩ የነገረቻቸው ራሷ ናት፣ አንድ ቀን ሆድ ቢብሳት።

«መድኃኒቱን ቢያገኝ አትወጂም?»

«መታጠቡን ቀነሰ ብላችሁ ትጽፋላችሁ» አለች። «እሱ ግን ሳሙናውን ሲያነሳ ሲጥል ይውላል። ወንድሜ መድኃኒቱን ስለሚጠብቅ ነው የማልፈርመው።»

ሌላ ሰው እንደሚያስፈርሙ ነገሯት። ያስፈርሙ፣ አለች። ሥራዋንም ልታጣ እንደምትችል ነገሯት። የአሥራ ሁለቱን አይጦች ቆጠራ ሰብስባ በክንዷ ሥር አደረገችና በሥራ ልብሷ እንዳለች ወጣች። ዶክተሩ ከኋላዋ ሲጣሩ ደረጃውን ጀምራዋለች።

መድኃኒቱ በሰው ላይ ይሞከር አይሞከር የሚወስኑት ገምጋሚዎች ሦስተኛ ፎቅ ተሰብስበው ዶክተሩን ይጠብቁ ነበር። በሩን አንኳኩታ ገባች። አምስት ራሶች ቀና አሉ። አንደኛው ምን ፈልገሽ ነው ብለው ጠየቋት።

«አይጦቹን ያየሁት እኔ ነኝ» አለች።

ዶክተሩ እያለከለኩ በሩ ላይ ደረሱ። ስህተት ነው፣ ሠራተኛዋ ተሳስታ ነው የመጣችው ማለት ጀመሩ። እሷ ዞር ብላ አላየቻቸውም። ወረቀቶቹን በሚያብረቀርቀው ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ጥጉ ላይ የተቀመጡት አሮጊት ገምጋሚ እጃቸውን አንስተው ዶክተሩን ዝም አሰኟቸው፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡና ጎንበስ ብለው ጭረቶቹን በጣታቸው ጫፍ መቁጠር ጀመሩ።